እቴጌ ጣይቱ፡ ከግብር አዳራሽ እስከ ፒያሳው ምግብ ቤት

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት ከመቀስቀሱ በፊት፣ በገዳሪፍ የሚኖር ሰው የበዓል ዕረፍት ሲያገኝ ዓይኑን ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ማንሣቱ የተለመደ ነበር። መንገዱ ከገዳሪፍ የማሽላና የሰሊጥ እርሻዎች ተነሥቶ በዶካ በኩል ገላባት ይደርሳል። ከገላባት ማዶ ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ መተማ ዮሐንስ አለች። ከዚያ ወዲያ ሙቀቱ እየቀነሰ፣ ዳገቱ እየበረታ ጎንደር ይደረሳል፤ ቀጥሎ ባሕር ዳር፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ።

አዲስ አበባ የገባ መንገደኛ ብዙ ሳያወጣ የሚያድርበት፣ ማንም ሳያቻኩለው ተቀምጦ የሚበላበት ቤት ሲጠይቅ ከሚጠቆሙት አንዱ ፒያሳ የሚገኘው ጣይቱ ሆቴል ነው። ወለሉ ሲረገጥ የሚንቋቋ ጣውላ፣ ደረጃው ሰፊ የእንጨት ደረጃ፣ ጣሪያው ደግሞ ዛሬ ማንም ባለሀብት የማይከፍልበት ከፍታ ያለው ነው። ቀትር ላይ የጾም ምግብ በረጅም ጠረጴዛ ይደረደራል፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ድንቹና ሰላጣው እንግዳው ራሱ እያነሣ የሚበላው ነው። ሥጋ የማይበሉ የውጭ አገር ጎብኚዎች ይህን ገበታ ከመንገደኞች መጻሕፍት አንብበው ይመጣሉ። አስተናጋጁም ተመጋቢውም አይቸኩሉም፤ ጥድፊያ የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ይቁነጠነጣል፣ ኋላ ይለምደዋል።

ቤቱን የከፈቱት ሴት በአብዛኛው የሚታወሱት በውጫሌ ውልና በዓድዋ ነው። ወደ ዙፋን ያደረሳቸው መንገድ ግን የሚነሣው ከዚያው ከድንበሩ ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን መንገዱ የተከፈተላቸው ያን ጊዜ ነበር፤ ባለቤታቸውም እቴጌ ሆኑ። መተማ ላይ ድሉ ለዮሐንስ ሆኖ ቢሆን ኖሮ፣ ጣይቱ ብጡል በታሪክ የሚታወቁት የአንድ ክፍለ አገር ገዢ ሚስት ሆነው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ድግሱ ለሌላ የሆነበት ቤተሰብ

ስለ ጣይቱ የትውልድ ዓመት የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ብዙዎቹ 1840ዎቹን መጀመሪያ ይመርጣሉ። አባታቸው ብጡል ኃይለ ማርያም የሰሜን መሳፍንት ልጅ ናቸው። የአባታቸው ወንድም ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን የገዙ፣ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ከነበሩት ኃያላን አንዱ ነበሩ።

ውቤ ንጉሠ ነገሥት ለመሆን አስበው ደረስጌ ማርያምን አሠርተው፣ ለንግሣቸው የሚሆነውን ሁሉ አሰናድተው ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም ግን የቋራው ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ አጠገብ ድል ነሷቸውና፣ ለውቤ በተሰናዳው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ትንሿ ጣይቱ ያደጉት እንግዲህ ደግሶ ድግሱን ሌላ ሰው በበላበት ቤተሰብ ውስጥ ነው። ይህ ትዝታ በኋለኛው ዘመን ሥልጣንን አጥብቀው ለመያዛቸው ምክንያት ሆኗል ብሎ መጠርጠር ከእውነት አያርቅም።

አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናታቸው ወይዘሮ የውብዳር ዳግመኛ አገቡ፤ ልጅቱም ጎጃም ውስጥ በደብረ መዊ ገዳም ተማሩ። በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብርቅ የነበረውን ማንበብና መጻፍ ያዙ፤ ግዕዝ አወቁ፣ በገና ደረደሩ፣ ሰንጠረዥ ተጫወቱ። ገና በለጋ ዕድሜያቸው ከቴዎድሮስ መኮንኖች ለአንዱ ተዳሩ፤ ከዚያም በኋላ ሌሎች ትዳሮች ተከተሉ። አንዳቸውም ልጅ አልሰጧቸውም፤ የምኒልክም ትዳር እንዲሁ።

ከምኒልክ ጋር የተጋቡት በ1875 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን አንኮበር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ሠላሳዎቹን የተሻገሩ፣ በመከራ የበሰሉ፣ የሰሜኑን ፖለቲካ ከእነ ዘር ሐረጉ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ለሸዋው ንጉሥ ይህ ከጥሎሽ ሁሉ የበለጠ ሀብት ነበር። ወንድማቸው ወሌ ብጡል በኋላ ራስ ተብለው የየጁ ገዢ ሆኑ፤ ዘመዶቻቸውም በቤጌምድርና በሰሜን ተሠራጭተው ነበር። ሸዋ በጣይቱ በኩል ከጎንደር ጋር ተጋባ ቢባል ይቀላል።

ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውኃ የወረደው ሠፈር የእርሳቸው ሐሳብ እንደ ነበር የዘመኑ ታሪክ ይመሰክራል። በ1879 ዓ.ም ገደማ በፍል ውኃው አካባቢ ቤት እንዲሠራላቸው ጠይቀው፣ ቦታውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲቀቡ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ ዘውድ ጭነው ብርሃን ዘኢትዮጵያ ተባሉ።

በገበታ የሚገዛ አገር

የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ ለመረዳት የቤተ መንግሥቱን ወጥ ቤት ማወቅ ያስፈልጋል። ግብር ማለት ባላገሩ ለገዢው የሚያገባው ማርና እህል፣ ቅቤና ሰንጋ ነው። ገዢው በአዳራሹ ሰብስቦ ለመኳንንቱና ለወታደሩ የሚያበላው ግብዣም ግብር ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም የተጠሩት በከንቱ አይደለም፤ የገባው ተመልሶ ይበላል፣ የበላም ይዘምታል።

በአዳራሹ መጀመሪያ የሚቀርቡት ታላላቆቹ ናቸው። ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረዳል፤ የሚበላ ሰው ለዓይን መጋለጥ የለበትምና። ከዚያ መጋረጃው ተገልጦ በየማዕረጉ ይገባል፤ ከባለ ሻሽ እስከ ተራ ወታደር፣ በተራ በተራ፣ በሺዎች። እያንዳንዱ የት እንደሚቀመጥ፣ ከየትኛው ሥጋ እንደሚቆረጥለት፣ ጠጁ በብርሌ ይሁን በቀንድ ዋንጫ ሁሉም የተደነገገ ነው። ከመሶቡ የራቀ ከሹመትም እየራቀ መሆኑን ያውቃል።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ጓዳ በእቴጌይቱ እጅ ነበር። እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱ የየራሳቸው አዛዥና የሠራተኛ ሠራዊት ነበራቸው። በ1880 ዓ.ም ገደማ ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ጣይቱ ያሰናዱት ለቀናት የዘለቀ ድግስ በዜና መዋዕል ጸሐፊው በገብረ ሥላሴ እጅ በዝርዝር ተጽፏል። የአፍሪካን የምግብ ታሪክ ያጠኑት አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጀምስ ማካን ይህን ድግስ ትልቅ ቦታ ሰጥተውታል። የተለያዩ አገሮች ቅመም፣ እህልና ወጥ በአንድ ገበታ የተሰበሰበበት፣ ዛሬ ከገዳሪፍ እስከ ዋሽንግተን በየምግብ ቤቱ የኢትዮጵያ ምግብ ተብሎ የሚቀርበው ነገር መልክ የያዘበት ወቅት አድርገው ያዩታል። ክርክሩ ሊያከራክር ይችላል፤ ሽሮም ዶሮ ወጥም ከጣይቱ በፊት ነበሩ። ነገር ግን የአንድ አገር ምግብ የሚባል ሐሳብ ከቤተ መንግሥት ጓዳ እንደሚወጣ ለማመን አያስቸግርም።

ድግሱ ብዙም ሳይቆይ ክፉ ቀን መጣ። ከቀይ ባሕር ጠረፍ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ የሚያርስ ጠፍቶ ረኃቡ እስከ 1884 ዓ.ም ዘለቀ። በድንበሩ ማዶም ሁኔታው የከፋ ነበር። ሱዳናውያን በሂጅራ 1306 ዓመት የደረሰውን ረኃብ እስከ ዛሬ ሰነት ሲታ፣ የስድስት ዓመት እያሉ ያስታውሱታል። ጦርነቱ ያደቀቃቸው ገላባትና ገዳሪፍ፣ የቡናውና የማሩ ሲራራ ነጋዴ የተቋረጠባቸው ገበያዎች፣ ያን ጊዜ ባዶ ቀሩ። ቤተ መንግሥቱ ጎተራውን ከፈተ፤ ምኒልክም በሬ ያጣውን ባላገር ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ማብላት የንግሥና ግዴታ በሆነበት አገር ረኃብ የዙፋን ፈተናም ነው።

ውኃና ስንቅ

የውጫሌው ውል ነገር የታወቀ ነው። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ ነገሩን ለማለዘብ በመጣበት ድርድር ላይ ጣይቱ ከባላቸው ይልቅ የጠነከሩ ተከራካሪ ሆነው ተገኙ። በ1883 ዓ.ም አንቶኔሊ እጁን ባዶ ተመለሰ።

በዘመቻው የራሳቸውን ጦር ይዘው ወጡ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ወደ 5,000 ገደማ እግረኛ ነው። የእርሳቸው አስተዋይነት ከሁሉ የበለጠ የታየው መቀሌ ላይ ነበር። በጥር 1888 ዓ.ም የኢጣልያ ጦር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ መሽጎ በጥይት አልበገር ሲል፣ ጣይቱ ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ የማስያዝ ዘዴ አመጡ። ጥም ጥይት ያልቻለውን ቻለ፤ ምሽጉ ተለቀቀ። ለሺዎች ገበታ የሚያሰናዳ ሰው ውኃና ስንቅ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም ጄኔራል በፊት ያውቃል። የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይም ከአጃቢዎቻቸው ጋር በጦሩ መካከል ሆነው ወታደሩን ሲያበረቱ፣ ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲያዳርሱ ሲያደርጉ ዋሉ።

ዓድዋ አዲስ አበባን ለወጣት። የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሩሲያና የኢጣልያ መልእክተኞች ከተማዋ ላይ ተቀመጡ። በምዕራቡ ድንበር የመሐዲስቶች መንግሥት ወድቆ፣ በመስከረም 1891 ዓ.ም ገዳሪፍ በእንግሊዝና በግብፅ ጦር ተያዘች። በግንቦት 1894 ዓ.ም ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ተወሰነ፤ በተከታዩ ዓመት ሻለቃ ግዊን ድንበሩን በምድር ላይ አሰመሩ። ገላባትና መተማ በሁለት ባንዲራ ሥር የዋሉት ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ ቅጥረኛውና አገር ጎብኚው በበቅሎ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባ ጀመር። ማደሪያ ግን አልነበረውም።

የእግዜር እንግዳ እና ጠገራ ብር

እስከዚያ ዘመን ድረስ መንገደኛ የሚያድረው የእግዜር እንግዳ ነኝ ብሎ ነው። ባላገሩ ያለውን ያቀርባል፤ እንግዳው ይመርቃል፣ ይሄዳል። ታላቅ ሰው ከሆነ ንጉሡ ድርጎ ያዙለታል፤ እንጀራው፣ በጉና ጠጁ ከድንኳኑ ድረስ ይመጣለታል። በሁለቱም መንገድ እንግዳው የአንድ ሰው እንግዳ ነው፤ ውለታ አለበት። ጠጅ ቤቶች ነበሩ፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው በይፋ የሚገባባቸው ሥፍራዎች አልነበሩም። ምግብ በገንዘብ መሸጥ ነውር፣ ገዝቶ መብላትም ወገን የሌለው ሰው ነገር ተደርጎ ይታይ ነበር።

ጣይቱ የከፈቱት ቤት ይህን ሁሉ የሚገለብጥ ነበር። አራዳ፣ ከጊዮርጊስ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰፊ ሰገነትና የእንጨት ደረጃ ያለው ባለ ፎቅ ቤት ተሠራ። ንድፉ በከተማዋ ብዙ ሕንፃዎችን ያቆመው የአርመናዊው የሚናስ ኸርበክያን እንደሆነ ይነገራል። የምሥረታው ዓመት ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 1898 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ የውጭ ጎብኚዎች ይህን በራሳቸው አቆጣጠር እያነበቡ ሆቴሉን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጁታል። እንግዳ መቀበል የጀመረበትን ጊዜ የታሪክ ጸሐፊዎች በ1900 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት ያደርጉታል። ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች የሾሙት በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። መንግሥቱ መልኩን በሚቀይርበት በዚያው ወቅት ገበታውም መልኩን መቀየር ጀመረ።

ቤቱ ሲከፈት አበሻው አልመጣም። ከመኳንንቱ ወገን በባዕድ ሰዎች ፊት፣ ያለ መጋረጃ፣ ያለ አሽከር ከለላ ተቀምጦ መብላት የማይታሰብ ነበር። መክፈል ደግሞ የባሰ። ዘመን ከዘመን ሲተላለፍ የመጣው ትረካ እንደሚለው፣ ምኒልክ ነገሩ ባለቤታቸውን እንዳሳዘናቸው አይተው መኳንንቱን አስከትለው ወደ ሆቴሉ ሄዱ፤ ከነሱ ጋር በሉ፤ በልተውም ሲያበቁ ሂሳቡን ከኪሳቸው ከፈሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉትን ማንም ነውር ሊለው አይችልም። ከዚያ ወዲህ መኳንንቱ አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ፤ አንዱ ሌላውን እየጋበዘ፣ ማን እንደከፈለም እየታየ።

ትረካው በየተራኪው እጅ ሳይጌጥ አልቀረም። በውስጡ ያለው ቁም ነገር ግን ከጌጡ በላይ ነው። በራሳቸው አዳራሽ ሺዎችን በነፃ የሚያበሉት ባልና ሚስት፣ ሰው ከፍሎ የሚበላበትን ቤት ለማስለመድ ራሳቸው ከፋይ መሆን ነበረባቸው። በግብር አዳራሽ የበላ ሰው የአብላው ሰው ነው። በሆቴሉ የበላ ሰው ግን ጠገራ ብሩን ቆጥሮ ሲወጣ የማንም አይደለም። የት መቀመጥ እንዳለበት የሚነግረው የማዕረግ ደንብም የለም፤ ባዶ ወንበር ካለ ይቀመጣል። ጣይቱ ነገሩን በዚህ ዓይን አይተውት እንደሆነ ማረጋገጥ አይቻልም፤ ምናልባት ያዩት ለውጭ እንግዶች ማረፊያ የሚሆንና ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ብቻ ይሆናል። የንግድ ነገር ይገባቸው ነበርና። በእነዚያው ዓመታት የውጭ ገንዘብ ከቆመበት ከአቢሲኒያ ባንክ የተለየ፣ በኢትዮጵያውያን ገንዘብ እርሻንና ንግድን በብድር የሚያበረታታ ማኅበር እንዲቋቋም ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ንጉሣዊ ገበታን የምታዝዝ ሴት የጓዳዋን ዕውቀት ወደ ንግድ መለወጧ ግን በዚያ ዘመን ቀላል ድፍረት አልነበረም።

የጾሙ ገበታም ከዚህ ሥር ውጪ አይደለም። ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ በሚታቀብበት አገር የወጥ ቤት ሙያ የሚለካው በዶሮ ወጥ ብቻ አይደለም። ያለ ቅቤ ሽሮን ማጣፈጥ፣ ሱፍን አልሞ ለፍትፍት ማድረስ፣ ስልጆ መጣል ሌላ ትምህርት ነው። ጣይቱ ጾም አጥባቂ ነበሩ፤ አብያተ ክርስቲያናትንና ገዳማትን በመርዳትም የታወቁ ናቸው። ዛሬ በሆቴሉ የሚቀርበው ቡፌ በቀጥታ ከእርሳቸው ጓዳ የወረደ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ዝምድናው ግን ለሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

መሶቡ ሲነሣ

ሆቴሉ በተከፈተበት ጊዜ ምኒልክ ታመው ነበር። ሕመሙ እየተደጋገመ አካላቸውንና አንደበታቸውን ሲይዘው፣ ከ1900 ዓ.ም በኋላ የመንግሥቱ ሥራ በጣይቱ እጅ እየገባ ሄደ። ይሾማሉ፣ ይሽራሉ፣ ይፈርዳሉ። የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ለወንድማቸው ልጅ ለራስ ጉግሣ ወሌ ያጋቡት እርሳቸው ነበሩ፤ በመተማ በኩል ከሱዳን የሚዋሰነው ቤጌምድርም በኋላ በጉግሣ እጅ ገባ። የሸዋ መኳንንት ይህን ሁሉ የሰሜን ወገን ዙፋን ሊወርስ ነው ብለው ተረጎሙት። የአልጋ ወራሽነቱ ለምኒልክ የልጅ ልጅ ለልጅ ኢያሱ ቢታወጅም ጥርጣሬው አልበረደም።

መጋቢት 12 ቀን 1902 ዓ.ም መኳንንቱ ተማክረው እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን እንዲያስታምሙ አስታወቋቸው። ሕዝቡ በአመዛኙ የተቃወመ አይመስልም። ዘመዶቻቸውን ከሌላው አስበልጠው እንደሚሾሙ፣ ፍርዳቸው እንደከበደ በብዙ አፍ ይነገር ነበር። ክሱ ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን በዘመኑ ዘመዱን ያልሾመ ታላቅ ሰው ፈልጎ ማግኘትም ያስቸግራል። ልዩነቱ እርሳቸው ሴት መሆናቸው፣ ወገናቸውም ሸዋ አለመሆኑ ነበር።

ቀጣዮቹን ከ3 ዓመት በላይ የሆኑ ጊዜያት በበሽተኛው አልጋ አጠገብ አሳለፉ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም አረፉ፤ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ እንዲነገር አልተፈቀደም። ለሺዎች ተዝካር የማውጣት ችሎታ ያላቸው ሴት ባላቸውን በአደባባይ አልቅሰው መቅበር እንኳ አልቻሉም። ወዲያው ቤተ መንግሥቱን ለቀው ወደ እንጦጦ ወጡ፤ በአንድ ወቅት ብርዱን ሸሽተው ወደ ፍል ውኃ የወረዱበት ተራራ ማረፊያቸው ሆነ።

ከተራራው ሆነው ከተማቸው ስታድግ አዩ። በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወርዶ፣ በሰገሌ ጦርነት አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ተሸንፈው፣ የእንጀራ ልጃቸው ዘውዲቱ የካቲት 4 ቀን ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ባቡሩ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለሆቴሉ ከዚህ የተሻለ ዜና ሊኖር አይችልም ነበር። ጣይቱ ግን የሆቴሉን እንግዶች ቁጥር ከሚጠይቁበት ዘመን ርቀው ነበር። በ1910 ዓ.ም መጀመሪያ ወደ ጎንደር ሄደው የቀረ ዕድሜያቸውን በዚያ ለመጨረስ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። የተሸነፈ ሰው እንኳ ከአባቶቹ አገር መቀበሩ ወግ ነው። ጎንደር ግን ጉግሣ ወሌ ያሉበት አገር ነው፤ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎችም የጣይቱን ስም የሚፈሩት ገና ነበር።

ጥያቄያቸው ውድቅ ከሆነ ወራት በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም፣ ልክ ዘውዲቱ ዘውድ በጫኑበት ቀን በዓመቱ፣ እንጦጦ ላይ አረፉ። መጀመሪያ በእንጦጦ ማርያም ተቀበሩ፤ በኋላ ዐፅማቸው ፈልሶ በበዓታ ለማርያም ከምኒልክ ጎን አረፈ።

አውራሪስ የተባለው ቤት

የእርሳቸው ሌሎች ሥራዎች በሌላ ሰው ስም ተጠሩ ወይም ከእርሳቸው ጋር ጠፉ። ሆቴሉ ግን እንግዳ መቀበሉን ቀጠለ፤ በኪራይ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፣ ስሙም ተቀያየረ። በደርግ ዘመን የንጉሣውያን ስም ከየግድግዳው ሲፋቅ እቴጌ የሚለው ስም ወርዶ ቤቱ አውራሪስ ሆቴል ተባለ። እቴጌን በአውራሪስ መተካት ምን ዓይነት ቀልድ እንደነበር የሰየመው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። ጣይቱ የሚለው ስም የተመለሰው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ቤቱ የብዙ ዓይነት ሰው መገናኛ ሆነ። ቦርሳ አዝለው አፍሪካን የሚያቋርጡ ወጣቶች፣ ሥዕላቸውን በግድግዳው የሰቀሉ ሠዓሊዎች፣ በአንድ ቡና ግማሽ ቀን የሚቀመጡ የፒያሳ ጡረተኞች፣ ከመተማ በአውቶቡስ መጥተው እግራቸውን የሚያሳርፉ መንገደኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ይታዩ ነበር። በግቢው ጃዛምባ የሚባል የሙዚቃ ቤት ተከፍቶ፣ የ1960ዎቹን ዜማ ያቆዩ አንጋፋ ሙዚቀኞች ማታ ማታ ይጫወቱበት ጀመር።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም ሆቴሉ ተቃጠለ። መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት ለእሳት የሚሰጠውን መልስ መገመት አያስቸግርም፤ ጃዛምባ ሙሉ በሙሉ ወደመ፣ ከታሪካዊው ቤትም ክፍል ተጎዳ። ጢሱ በፒያሳ ሰማይ ሲታይ ሰው ከየሥራው ተነሥቶ ወደ ሥፍራው መጣ፤ ያለቀሱም ነበሩ። ብዙዎቹ በቤቱ አድረው አያውቁም፤ ሻይ የጠጡበት ወይም ምሳ የበሉበት ብቻ ነው።

ከእሳቱ የተረፈው ተጠገነ። የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በ2016 ዓ.ም በልማት ሥራ ሲፈርሱ የአካባቢው መልክ ዳግመኛ ተለወጠ፤ በገዳሪፍ በኩል የሚመጣውን የበዓል መንገደኛ ደግሞ የሱዳን ጦርነት አስቀረው። መተማ ላይ አሁን ድልድዩን የሚሻገረው ስደተኛ ነው፤ ከቤቱ ያወጣው ዕረፍት ሳይሆን ጥይት ነው፣ የሚያሳድረውም እንደ ጥንቱ የእግዜር እንግዳ ብሎ የሚቀበለው ሰው ነው።